እልፍነሽ ራስታዎቹን ልታይ ሄዳ

ዕፀገነት የራስታ ልጅ ላገባ ነው ብላ ለእናቷ የነገረቻት ዕለት፣ እልፍነሽ የበግ ጎድን እየመታች ነበር። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክታ እጇን በሽርጧ ጠረገችና «የማን ልጅ?» አለች። ሰምታለች። ግን አንዳንድ ወሬ ሁለቴ ካልተሰማ አይታመንም።

«የራስታ። ሚኪያስ ይባላል፣ ሻሸመኔ ነው የተወለደው። አሁን ከእናቱ ጋር በድሬ ጠያራ መንገድ ይኖራሉ። የውኃ ፓምፕ ይጠግናል» አለች ዕፀገነት። የምትሠራው ፋርማሲ ነውና፣ ለሕመምተኛ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳው ቀስ ብላ፣ አንዱን ከአንዱ ሳታምታታ ነው የተናገረችው።

እልፍነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ያለውን ሥጋ ቤት ብቻዋን ያቆመች ሴት ናት። ጾም ሲፈታ የሰፈሩ ክርስቲያን በሯ ላይ ይጋፋል፤ ሻኛ ከእሷ ቢላዋ ካልወረደ አይጥመንም የሚሉ አሉ። ስለ ራስታዎች የምታውቀው ግን ሌላው ሰው የሚያውቀውን ያህል ነበር፤ ይኸውም ምንም። ጠጉራቸውን አያበጥሩም፣ ያጨሳሉ፣ ከበሮ ይደልቃሉ፣ ሥራ አይወዱም ሲባል ሰምታለች። ማን እንደነገራት ብትጠየቅ አታውቅም።

«አይሆንም ብትያት ትጠፋብሻለች» አለቻት ናፊያ። ናፊያ ከሥጋ ቤቱ ጎን ቅመም የምትሸጥ የከተማዋ ተወላጅ ናት፤ ልጆቻቸውን አንድ ላይ ነው ያሳደጉት። «ይልቅ ሄደሽ እያቸው። ባህላችሁን ልንማር መጣን በያቸው። ይሄን ሲሉት የሚጠላ ሰው የለም።»

ምክሩ ለእልፍነሽ ተስማማት። ልትማር ግን አልነበረም ያሰበችው። ገብታ፣ ጉዳቸውን በዓይኗ አይታ፣ ተመልሳ ለልጇ አንድ በአንድ ልትዘረግፍላት ነው። ዕፀገነት ጉብኝቱን ስትሰማ እናቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ያሰበችውን ለምታውቀው ለእልፍነሽ ግን መሳሙ ከበዳት።

ባዶ እጅ አይኬድም። እሑድ ጠዋት ከሙክቱ የኋላ እግሩን መርጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች፤ ከሥሩ አንድ ጠርሙስ አረቄ ሸጎጠች። ናፊያ አረቄውን አይታ «አስታግፊሩላህ፣ እሱን አንቺው ተሸከሚ» አለችና ባጃጁ ውስጥ ቀድማ ገባች።

የግቢው በር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብቷል። እልፍነሽ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት መስሏት ልታልፈው ነበር። ውስጡ ሦስት አነስተኛ ቤቶች አሉ፤ በመካከላቸው በመስመር የተተከለ ጎመን፣ ካሮት፣ ጦስኝ። መሬቱ ተጠርጓል። እልፍነሽ አፍንጫዋን አዘጋጅታ ነበር የገባችው፤ የሸተታት ግን ጦስኝና የሚጋገር ዳቦ ነው። የሚጨስ ነገር ኖሮም እንደሆነ የዚያን ቀን አላየችም። ትንሽ ቅር አላት።

የሚኪያስ እናት ማማ ዘውዲቱ ነጭ ጠምጥመው፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ገና በወጣትነታቸው ከትሪኒዳድ መጥተው እዚሁ አገር ያረጁ ረጅም ሴት ናቸው። አማርኛውን ያስተማራቸው ሰው አልነበረም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ብቻቸውን ነው የተማሩት።

«እነሆ መጣችሁ! ሰላም ለእናንተ ይሁን» አሉ። ከዚያ ወደ እልፍነሽ ዘወር ብለው «አንቺ ሴት፣ ስምሽ ማን ነው?» አሏት።

እልፍነሽን «አንቺ ሴት» ያላት የመጨረሻው ሰው የትራፊክ ፖሊስ ነበር። ደሟ ፈላ። ሚኪያስ ከኋላ ደርሶ፣ እጅ ነሥቶ፣ «ይቅርታ እማማ፣ እሷ ለሁሉም እንዲህ ነው የምታወራው። ለከንቲባውም አንተ ነው ያለችው» አላት። ጠጉሩ በሻሽ ተጠቅልሏል፣ ጥፍሩ ንጹሕ ነው፣ አማርኛው ከእሷ ዘመዶች ይሻላል። እሱም ሌላ ቅሬታ።

«በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?» አሉ ማማ ዘውዲቱ።

«ትንሽ ነገር ናት እትዬ። የበግ እግር።»

ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለች። ማማ ዘውዲቱ አልተቆጡም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በሐዘኔታ «እኛ በድን አንነካም» አሉ።

«በድን?» አለች እልፍነሽ። «ትናንት የታረደ እኮ ነው! ሙክት ነው!»

ናፊያ በሻርፗ አፏን ያዘች። ሚኪያስ ጥቅሉን ሊቀበል እጁን ዘረጋና መለሰው። መጨረሻ ላይ እልፍነሽ ራሷ ወደ በሩ ወጥታ እግሩንም ጠርሙሱንም ለባጃጁ ሾፌር ሰጠችው። በዚያ ጉዞ ያለ አንዳች ሐሳብ የተደሰተ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ወደ ማማ ዘውዲቱ ቤት ገቡና ምሳ ቀረበ፤ ዱባ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ትኩስ ዳቦ። እልፍነሽ ቀመሰችና ዙሪያዋን ቃኘች። «ጨው... ይኖራል?»

«ምድር ያጣፈጠችው ይበቃዋል» አሉ ማማ ዘውዲቱ።

ከዚያ የግቢውን ሥርዓት አስረዷቸው። ሳይነጋ ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ቅዳሜ ሥራ የለም። ሥጋ አይበሉም፣ መጠጥ አይቀምሱም፣ ምላጭ ራሳቸውን አይነካም። ሴት ስትጸልይ ጠጉሯን ትሸፍናለች። ናፊያ በየአንዳንዱ ራሷን ትነቀንቃለች። «ማሻአላህ! እልፍነሽ፣ እነዚህ እኮ ለእኔ ይቀርባሉ» ብላ ሹክ ስትላት፣ እልፍነሽ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። ለልጇ የምትወስደው ጉድ እስካሁን አንድ እንኳ አላገኘችም፤ ጨው ማጣት በጉድነት ካልተቆጠረ በቀር።

ሳህኑ ሲነሣ ማማ ዘውዲቱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«አሁን ደግሞ እኛ እንጠይቅሽ። ልጄ ልጅሽን ወድዷል። ነገር ግን ልቤ ታውኳል። ያደገችው በደም ቤት ነው። በሰፈራችሁ ሰው ሁሉ እስኪሰክር ይጠጣል፣ ከቀትር በኋላም ቅጠል እያኘከ ይውላል፣ ሥራ አይወድም ይሉናል። ይህ ነገር እውነት ነውን?»

«ማነው ያለው?» አለች እልፍነሽ።

«ሰዎች።»

እልፍነሽ ልትመረምር መጥታ እየተመረመረች መሆኗ ያኔ ገባት። በደንብ ብታስበው ደስ ሊላት በተገባ። የመጣችው ጋብቻውን ልታፈርስ ነው፤ ይኸው እናትየዋ ራሳቸው ሊያፈርሱላት ነው። አመስግና ተነሥታ መሄድ ብቻ ነበር የቀራት። ግን የእሷን ልጅ! በማዕረግ የተመረቀችውን፣ ሰፈሩ በጨዋነቷ የሚምልባትን! እነዚህ ሰዎች ናቸው የሚያንቋት?

«ስሙኝ እትዬ» አለች ድምጿ እየጠነከረ። «እኛ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የምንጾም ሰዎች ነን።»

«ከግማሽ የቀረውንስ?»

እልፍነሽ ናፊያን አየቻት፤ ናፊያ ጣሪያውን ታያለች። ያን ጊዜ እልፍነሽ አፏ ላይ የመጣላትን ወረወረች። «እናቴ እኮ ጃንሆይን በዓይኗ ያየች ሴት ናት!»

ማማ ዘውዲቱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ወደ ውጭ ተጣሩ። ከየቤቱ ሰው ወጣ፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ መጣ። ሁሉም መሬት ላይ ዙሪያዋን ተቀመጡ።

«ንገሪን» አሉ ማማ ዘውዲቱ።

ነገሩ በእነ እልፍነሽ ቤት የታወቀ ቀልድ ነበር። እናቷ ድንክ ቢጤ ነበረች። ንጉሡ ሐረር መጥተው ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ሲያልፉ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ፣ እየዘለለች እየዘለለች፣ ያየችው ባርኔጣቸውን ብቻ ነው። ያንን ስታወራ «ጃንሆይን አየሁ» ትላለች፤ የእልፍነሽ አባት ደግሞ «ባርኔጣውን ነው ያየሽው!» ይላታል፤ ቤቱ ይስቃል። አንድም ቀን እናቷን እስከ መጨረሻው ያዳመጣት ሰው አልነበረም።

እልፍነሽም እንደ ለመደችው በቀልድ ጀመረችው፤ ሰዎቹ ግን አልሳቁም። ሚኪያስ ለሽማግሌው እየተረጎመ «ባርኔጣው ምን ዓይነት ነበር ይላሉ» አላት።

«ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ» አለች እልፍነሽ። ናፊያ ቆነጠጠቻት። እናቷ ስለ መዘንበሉ ያለችው ነገር የለም።

«ፀሐይ ነበር ወይስ ዝናብ?»

«ፀሐይ። ልጅ አዝላ ነበር የሄደችው፤ ታላቅ ወንድሜን። ከዝላዩ የተነሣ ሲያለቅስ ነው የዋለው።» ይህ እውነት ነበር። ሌላም እውነት ትዝ አላት፤ እናቷ በዚያ ቀን የለበሰችውን ቀሚስ ሳትቀይር ማደሯን፣ ሲስቁባት ራሷም አብራ ትስቅ እንደነበር፣ ከሳቁ በኋላ ግን ወደ ጓዳ ትገባ እንደነበር። ይህንንም ተናገረች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ሽማግሌው ዓይኑን በመዳፉ ይጠርጋል። እልፍነሽ ለምን እንደሚያለቅስ አልገባትም፤ እሷ የምታለቅስበትን ግን ታውቃለች። እናቷ ይህን ሁሉ አድማጭ ብታገኝ ምን ትሆን ነበር!

ማማ ዘውዲቱ እጇን ያዙ። «የተባረከች የእናትሽ ዓይን! አንቺ ሴት፣ ቤትሽ ቤታችን ነው።»

ናፊያ ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ እስከ ከተማ ሳቀች። «ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ!» ትላለች። እልፍነሽ አልሳቀችም። «ጋብቻውን ላፈርስ ሄጄ ራሴ ለምኜ አጸደቅኩት አይደል?» አለች።

ሠርጉ ጥቅምት ላይ በዚያው ግቢ ሆነ። የሥጋ ቤት ባለቤት ልጇን ያለ ሥጋ ዳረች ተብሎ አቦከር ጉድ አለ። የዕድሯ ሰዎች ዱባውን ይዘው ጨው እየፈለጉ ሲተያዩ፣ የሟቹ ባሏ ዘመዶች ደግሞ ገና ሳይመሽ አንድ አንድ እያሉ ተሹለክልከው ወጥተው፣ ማዶ ያለው ሌላ ሥጋ ቤት ሲበሉ ታዩ። እልፍነሽ ግን ከማማ ዘውዲቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ስለ ባርኔጣው አንድ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ፣ ደስ ብሏት ዋለች።

ልጄን ቅጥ ያሳጡብኛል ብላ የሰጋችው ግን በሌላ በኩል ደረሰባት። ዕፀገነት አሁን ሳይነጋ ትነሣለች፤ ሥጋ ቤቱን በፊት በር አትገባም፤ እናቷ ጋ ስትመጣ ምሳዋን ይዛ ነው። ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ ለምን አትክልት ቤት አታደርጊውም? ለጤናሽም ነው» አለቻት። እልፍነሽ ለናፊያ «መነኩሴ አድርገው መለሱልኝ» ብላ አለቀሰችባት። ናፊያም ይህች ልጅ ከእኔዎቹ ብትሻል ነው ብላ ቅመሟን መመዘኗን ቀጠለች።

ትናንት አንድ ደንበኛ ሻኛ እያስመረጠ «እንግዲህ አማቾችሽ ጋ ጭሱ እንዴት ነው?» ብሎ ቀለደ። እልፍነሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ስለማታውቀው ሰው አታውራ። የልጄ አማት ሻይ እንኳ በስኳር አይጠጡም» አለችው። ከዚያም አጥንት የበዛበትን መርጣ መዘነችለት።