ተናኘ ፉሪን የዞረች ዕለት

ተናኘ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቷን ጨርሳ ሐኪሙ «ድነሻል» ካላት ወራት ቢያልፉም፣ ቤተሰቧ አሁንም እንደ በሽተኛ ነበር የሚያያት። ባሏ ከበበው ባልዲ አያስነካትም፤ ትልቋ ልጇ ሚካል ልብስ አታሳጥባትም። ተናኘ ራሷም ትንሹን ልጇን ሚሳኤልን ማቀፍ እንኳ ፈርታ ትታው ነበር።

ለቡ ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ የፉሪ ተራራ ይታያል። ታማ በተኛችበት ጊዜ ስታየው ከርማለች። በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣

«ዛሬ ልጆቹን ይዘን ፉሪን እንዙረው» አለች።

«ተራራ ልትወጪ?» አለ ከበበው።

«አልወጣም። በግርጌው ዞሬ ከወዲያ ያለውን ማየት ነው ያማረኝ።»

ሊከለክላት አሰበና ፊቷን አይቶ ተወው። ዳቦና ውኃ ያዙ፤ ሚሳኤል አባቱ ትከሻ ላይ ወጣ።

መንገዱ መጀመሪያ በባሕር ዛፍ መሃል ለጥ ያለ ነበር። ተናኘ ቀስ ብላ፣ ግን ሳትቆም ትሄዳለች። ከበበው በየመታጠፊያው ዞር እያለ «ደከመሽ?» ይላታል።

«ሲደክመኝ እነግርሃለሁ፤ አንተ እግርህ ሥር እይ» አለችው።

ከተራራው ጀርባ ቱሉ የሚባል ገበሬ በሬዎቹን ውኃ ሲያጠጣ አገኙ። ከበበው መንገዱን ጠየቀው።

«በመጣችሁበት ብትመለሱ ሜዳ ነው» አለ ቱሉ። «ዙሩን እንጨርስ ካላችሁ ግን ከፊታችሁ ዳገት አለ።»

«እንግዲህ ከወዲያ ያለውንም አየሽው። እንመለስ» አላት ከበበው።

ተናኘ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውኃ ጠጣች። «ታምሜ ሳለሁ ሁሉን ነገር ሌላ ሰው ጨረሰልኝ» አለች። «ይኼን እንኳ እኔ ልጨርሰው።»

ከበበው ሚሳኤልን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ዳገቱን ተያያዙት።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ተናኘን ሳል ያዛት። ሁሉም ባሉበት ቀጥ አሉ። ሚካል እጇን ዘረጋችላት።

«አቧራ ነው» አለች ተናኘ። «ጤነኛም እኮ ያስለዋል።» የልጇን እጅ ሳትይዝ አለፈቻት።

ከዳገቱ አናት ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት። ከበበው ሚሳኤልን እንደተሸከመ ቁና ቁና እየተነፈሰ ደረሰ። ያን ጊዜ ተናኘ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጎንበስ አለች።

«ና፣ የኔ ጌታ፤ ልዘልህ።»

ልጁ አባቱን አየ። ከበበው ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረና በእሺታ ራሱን ነቀነቀለት። ሚሳኤል እናቱ ጀርባ ላይ ተለጠፈ፤ ጉንጩን ትከሻዋ ላይ አስደገፈ። ቁልቁለቱን እንደዚያ ሆነው ወረዱ፤ ሚካል ከኋላ እየሄደች እናቷን ብቻ ትመለከት ነበር።

ሰፈር ሲደርሱ ባለ ሱቁ ሸምሱ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው።

«አቶ ከበበው፣ ከየት ነው እንዲህ አቧራ ለብሳችሁ?»

«ተናኘ ፉሪን ዞራ መጣች» አለ ከበበው፣ ሱቁ ውስጥ ያሉትም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዙሪያውን በሙሉ። በእግሯ።»

እሱም አብሯት መዞሩን መናገር ትዝ አላለውም።