ጀርባ ገመድ ሲነካ

ስለ ቡጢ የሚያውቅ ሰው ቢቸና ውስጥ ከተፈለገ እኔ ነኝ፤ ሌላ የለም። አለ የሚል ካለ ይምጣና እኔ ሪንግ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ይቁምልኝ።

ሪንጉን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። ድሮ እህል ይከማችበት በነበረ አዳራሽ ውስጥ አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ተከልሁ፤ የጭነት መኪና ገመድ በአራት ረድፍ ወጠርሁ፤ ገመዱ ጀርባ እንዳይልጥ ደግሞ በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ጠቀለልሁት። ወለሉ የጤፍ ጭድ የታጨቀበት ጆንያ ነው፤ ከላዩ ሸራ አለበት። ወታደር ቤት ስምንት ዓመት ቦክስ ተጫውቻለሁ፤ ከዚህ የሚመች ወለል ላይ ወድቄ አላውቅም።

ደንቤ ጥብቅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደምለው የሚባል ሰልጣኝ ገመዱ ላይ ተደግፎ ሲመታ ጭንቅላቱ ከግንዱ ጋር ተጋጨና ሁለት ቀን ሙሉ የእናቱን ስም ረሳ። ከዚያ ወዲህ ጀርባ ገመድ ከነካ ፊሽካ እነፋለሁ፤ ሁለቱም እጃቸውን አውርደው ወደ መሀል ይመለሳሉ። ጀርባው ነክቶ እጁን ያላወረደ ሃምሳ ፑሽ አፕ ይሠራል፤ ገመድ ላይ ያለ ሰው የመታ መቶ። ሰልጣኞቹ ገመዱን ገላጋይ ይሉታል። እኔ ዘንድ አንድ ዓመት የቆየ ሰው ጀርባውን ገመዱ ሲነካው እጁ ሳያዘው ይወርዳል፤ ዓይኑም ፊሽካውን ፍለጋ ወደ እኔ ይዞራል። በዚህ ስኮራ ነው የኖርሁት።

ይታገስ እኔ ዘንድ ስድስት ዓመት ቆየ። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ መጣ፤ ቀን ብሎኬት ያመርታል፤ ከሥራ በኋላ ሲሚንቶው ከቅንድቡ ላይ ሳይረግፍ አዳራሹ ውስጥ ነው። አባቱን በሕፃንነቱ አጥቷል፤ እናቱ እትዬ ስሜነሽ ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጣሉ። እኔ ሚስትም ልጅም የለኝም። ሰው ልጅህ ነው ወይ ሲለኝ አይደለም እላለሁ፤ እንዲጠይቁኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ኋላ ስልክ የሚባል ነገር አበላሸው። ኤም ኤም ኤ የሚሉትን፣ ቡጢውም ርግጫውም ትግሉም ባንድ ላይ የተፈቀደበትን ውድድር ሌት ተቀን ያያል። ያየውን መጥቶ እኔው ጆንያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይሞክረዋል። አልከለከልሁትም፤ ያልፍለታል ብዬ ነው። አላለፈለትም። በዚህ መሀል ሞጣ ውስጥ ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ብረት በያጅ ክለብ ከፈተ፤ ኬጅ የሚሉትን በሽቦ የታጠረ መፋለሚያም እየሠራ ነው ተባለ። ኬጁ እንዳለቀ ውድድር ጠራ። የእርሱ ሰልጣኝ ሽታሁን ከእኔ ልጅ ከይታገስ ጋር ይገጥማል፤ ያሸነፈ ፍቅረ ሥላሴ ዘንድ እየሠለጠነ ባሕር ዳር ለሚደረገው ትልቁ ውድድር ይቀርባል።

ይታገስ ይህን ሲነግረኝ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ መሬት መሬት እያየ ነበር። "ጋሼ፣ ካሸነፍሁ አልመለስም" አለኝ። "ይወቁት ብዬ ነው።"

መልካም ነው አልሁት። እንዲያውም መረቅሁት። ቤቴ ገብቼ ግን እህል አልቀመስሁም። ስድስት ዓመት ጉንጩን በበረዶ ይዤለት፣ እጁን በጨርቅ ጠምጥሜለት፣ ላንድ በር ሠሪ ትቶኝ ሊሄድ ነው። ያንገበገበኝ ደግሞ እንደሚያሸንፍ ማወቄ ነው። ሽታሁንን አይቼዋለሁ፤ ጉልበት አለው፣ እግሩ ግን ከባድ ነው። መሀል ሜዳ ላይ ይታገስን አይነካውም።

ተዘግቶ የነበረው የሞጣ መንገድ በተከፈተ ሳምንት ደንቡን ልንስማማ ሞጣ ሄድሁ። ፍቅረ ሥላሴ ኬጁን ከብየዳ ቤቱ ጓሮ አቁሞታል። ስምንት ማዕዘን ሊያደርገው አስቦ ብረቱ ስላልበቃው ስድስት ላይ ዘግቶታል። ዙሪያውን የኳስ ሜዳ የሚታጠርበት ሽቦ ወጥሯል፤ ከፍታው ከእኔ ቁመት ይበልጣል። በሩ ብረት ነው፤ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። የበግ ጋጣ ይመስላል አልሁት። ሳቀ እንጂ አልተቆጣም፤ ይህም አናደደኝ።

ቁጭ ብለን ስንከራከር ዋልን። ሪንግ ለትግል አይሆንም አለኝ፤ ሰው ሲተናነቅ በገመዱ መሀል ሾልኮ ይወድቃል፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ይቀራል፣ ዳኛው ሥራው ሰው መጎተት ብቻ ይሆናል፤ አጥር ግን ማንንም አይጥልም። እኔም ከገመድ የሚሾልክ ሰው መውጫ አለው፣ አንተ ዘንድ ያለው የለውም አልሁት። የእኔ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው፤ የእርሱ አምስት። ቤቱ የእርሱ ስለሆነ አምስቱን ተቀበልሁ። እኔ ዘንድ የወደቀ አይነካም፤ እርሱ ዘንድ የወደቀ ይመታል፣ መሬቱን በእጁ መታ መታ ካደረገ ግን ይቆማል። ክርን ይቅር አልሁ፤ እሺ አለኝ። የወደቀን በጉልበት መምታትም ቀረ። ሁሉንም በወረቀት ጻፈው፤ ጽሑፉ እንደ ብየዳው አያምርም።

መጨረሻ ላይ ልነሣ ስል አንድ ነገር ጠየቅሁት። ጀርባው አጥሩን ከነካስ?

"ጋሽ ቢያድግልኝ፣ አጥሩ የተሠራ ለዚያ እኮ ነው" አለኝ። "ሥራው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ማንም አያስቆምም።"

እርሱንም ጻፈው፤ አጥር ላይ ፍልሚያ አይቆምም ብሎ። ፈረምሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

ውድድሩ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በዐሥራ ሁለት ቀን የስድስት ዓመት ልማድ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ግን ሰው ከነገሩት ይጠነቀቃል። ይታገስ የዚያኑ ዕለት መጥቶ ደንቡ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ዙሩ አምስት ደቂቃ መሆኑን ነገርሁት። የወደቀ እንደሚመታ፣ ክርን እንደቀረ፣ መሬት መታ መታ ካደረገ እንደሚቆም ነገርሁት። አንዷን ተውኋት። ረስቼ አይደለም።

ምን አስበህ ነው ለሚለኝ መልስ አለኝ። አንድ ቡጢ ይቅመስ፣ ይውደቅ፣ አፍሮ ወደ እኔ ይመለስ አልሁ። ከዚህ የበለጠ ክፋት አላሰብሁም፤ ከዚህ ያነሰም አላሰብሁም። እንዲያውም በእነዚያ ቀናት ልምምዱን ወደ ገመዱ አዛወርሁት። ጓደኞቹ ገመድ ላይ እንዲገፉት አዘዝሁ፤ በገፉት ቁጥር ፊሽካዬን ነፋሁ፤ እጁ በወረደ ቁጥር ጎበዝ አልሁት።

ውድድሩ እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር። ሰው ከግንደወይን ድረስ መጥቷል፤ መምህራኑ፣ የመንግሥት ሠራተኞቹ፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ የብየዳ ቤቱን ጓሮ ሞልቶታል። ሲስተር ትህትና የምትባል፣ ለሥራ ከሌላ አገር የተመደበች ነርስ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እትዬ ስሜነሽም ከእኛ ጋር መጥተዋል። ልጃቸው ሲደባደብ አይተው አያውቁም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከኋላዬ ቆሙ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ፎጣና ውሃ ይዤ ቆሜያለሁ። ፊሽካዬ እንደ ልማዴ አንገቴ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ዙር የይታገስ ነበር። ሽታሁን በከባድ እግሩ ሲከተለው እርሱ መሀሉን ሳይለቅ በግራ በቀኝ ይነካዋል፤ ይመታዋል፣ ያመልጠዋል። አንድ ጊዜ አንሥቶ መሬት ላይ ዘረረው። ጮህሁ። ያስተማርሁትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ሲያደርገው ሳይ ልጄ ነው ብዬ ለሕዝቡ ልናገር ምንም አልቀረኝም።

ዙሩ ሲያልቅ በሩ ተከፈተልኝና ገብቼ በርጩማ ላይ አስቀመጥሁት። አንድ ደቂቃ ነበረችኝ። ውሃ አጠጣሁት፤ ፊቱን ጠረግሁለት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ አሸንፈዋለሁ" አለኝ። "ይቅር ይበሉኝ።"

ልሂድ ማለቱ ነው። አጥሩ ላይ እጅህን እንዳታወርድ ለማለት ከዚያች ደቂቃ ሩቡ ይበቃኝ ነበር። አፌን ከፈትሁ። ከዚያ አሸንፎ ሲስቅ፣ ፍቅረ ሥላሴ ትከሻውን አቅፎ ፎቶ ሲነሣ ታየኝና አፌን ዘጋሁ። ጥርስ መከላከያውን መለስሁለትና ወጣሁ። መቀርቀሪያው ከኋላዬ ተዘጋ።

በሁለተኛው ዙር ሽታሁን መቀደሙ ገብቶት ኖሮ አንገቱን ቀብሮ እንደ በሬ ገፋው። ይታገስ ሁለቴ አመለጠው፤ በሦስተኛው እኔ ወደቆምሁበት ማዕዘን ተገፋ። ሽቦው ተንጫጫ። ጀርባው አጥሩን ነካ።

እጁ ወረደ።

ሁለቱም እጆቹ፣ ስድስት ዓመት እንዳስተማርሁት፣ ጭኑ አጠገብ ተንጠለጠሉ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። በመሀላችን ሽቦው ብቻ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። ፊሽካ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ፊሽካ ቢነፋ ደንብ ሆነ አልሆነ ሽታሁን ደንግጦ ይቆም ነበር፤ ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። እጄ ፊሽካው ላይ ነበር። አልነፋሁም።

የመጀመሪያው ቡጢ እኔን እያየ ሳለ ቀኝ ዓይኑ ላይ አረፈ። ሁለተኛውም እዚያው። አጥሩ አይጥልም ያለው ፍቅረ ሥላሴ እውነቱን ነው፤ ገመድ ቢሆን ይወድቅ ነበር፤ ሽቦው ግን አስደግፎ ያዘው፤ ቆሞ አራተኛውንም አምስተኛውንም ተቀበለ። እጁን አላነሣም። እኔ ዘንድ ገመድ ላይ ሆኖ እጅ ማንሣት ያስቀጣል። ያን ጊዜ ነው ነፍሴን ያወቅሁት፤ ተሸንፈናል፣ ይቁም ለማለት ፎጣውን ወረወርሁ። እኔ ሪንግ ውስጥ ፎጣ ሲወረወር መሀል ላይ ያርፋል። የሞጣው አጥር ግን ከቁመቴ ይበልጣል፤ ፎጣው አጥሩ ጫፍ ላይ ተያዘና እዚያው ተንጠለጠለ። ዳኛው ቀና ብሎ ፎጣውን እስኪያይ ሽታሁን ግራ ዓይኑ ላይ ሁለት ጨመረ።

ሕዝቡ ያጨበጭብ ነበር። እጁን ያወረደው ሽታሁንን ንቆ ነው ያሉ ነበሩ፤ ጥጋብ ነው፣ ዋጋውን አገኘ ተባለ። ሲስተር ትህትና ዓይኑን በፋሻ ሸፈነችና መኪና ፈልጉ አለች። ሽታሁን ጓንቱን ሳያወልቅ አጠገቤ መጥቶ ለምን እጁን አወረደ እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ያለቅስ ነበር። አላውቅም አልሁት።

ባሕር ዳር ወስደው ቀኝ ዓይኑን አወጡት። ግራው ጥላና ብርሃን ይለያል፤ ሰውን በድምፁ ካልሆነ አያውቅም። ብሎኬት ማምረቱ ቀረ። ለትንሣኤ እትዬ ስሜነሽ ዶሮ ይዘው ቤቴ መጡና ጉልበቴን ካልሳምሁ አሉ፤ ያን ሁሉ ሰው መሀል ለልጄ ፎጣ የወረወሩለት እርስዎ ብቻ ነዎት ብለው አለቀሱ። አንሥቼ አስቀመጥኋቸው። ዶሮዋንም ተቀበልሁ።

ይታገስ እንደተመኘሁት ተመለሰልኝ። በየቀኑ እናቱ እጁን ይዘው አዳራሹ ድረስ ያመጡታል፤ ከገመዱ አጠገብ ወንበር ሰጥቼዋለሁ። የእግር ድምፅ እየሰማ ይህኛው ተረከዙ ከበደ፣ ያኛው ቶሎ ደከመ ይለኛል፤ አይሳሳትም። ስለ ሞጣ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም ነበር፤ እስከ ትናንት።

ትናንት ሁለት ሰልጣኞች ሲገፋፉ ሲያዳምጥ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት ፊሽካውን ይዘውት አልመጡም ነበር?"

እዚያው አንገቴ ላይ ነበር፤ አሁንም አንገቴ ላይ ነው። ቤት ረስቼው ነው አልሁት።

"እኔኮ አንገትዎ ላይ ያየሁት መስሎኝ" አለ። ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። "ለካ ዓይኔ ያኔም ደኅና አልነበረም።"

አንደኛው ሰልጣኝ ጀርባው ገመዱን ነክቶ፣ እጁን አውርዶ፣ እኔን እኔን እያየ ይጠብቃል። ነፋሁለት።