አክስት በኩንታል

"ዝም በሉ እስቲ!" አለች መነጽር ሠሪዋ። በአንድ እጇ የሬዲዮውን መነጋገሪያ እንደጨበጠች በሌላው ደጃፏን የሞሉትን ጎረቤቶች ገታች። "ድገምልኝ፣ አልሰማሁህም። ተቀበል።"

ከወንዙ ማዶ የፋርማሲስቱ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ። "ኮረብታው ቤቶች ላይ ተንዷል። ከአደጋው የተረፈውን ሰው ትምህርት ቤት አስገብተነዋል። ሐኪም ያስፈልገናል። ለልጆቹም የሚቀመስ ነገር የለም፤ ዳቦ ጋጋሪው መጋዘኑ ሁሉ ባዶ ነው ተብሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። ተቀበይ።"

"ሐኪሙ ጀልባ ላይ ሊወጣ ነው። በየት በኩል ቢሻገር እንደሚሻል አጣራና ንገረኝ።"

ጎርፉ ድልድዩን ጠርጎ፣ የስልኩን ማማም አጋድሞ ሄዷል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ፣ በትርፍ ጊዜያቸው በፈቃድ በሬዲዮ የሚገናኙት የነዚህ የሁለት አማተሮች ሬዲዮ ብቻ ቀርቷል። ሌላ ጊዜ የመነጽር ሠሪዋ ሬዲዮ የሰፈሩ መሳቂያ ነበር። ከሱቋ ገብታ መነጋገሪያዋን ስታነሳ "ባል አጥታ ከሰማይ ጋር ታወራለች" ይሏታል። ዛሬ ግን ያው ሰፈር "እህቴን አፈላልጊልኝ፣ ልጄን ጠይቂልኝ" እያለ እግሯ ሥር ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ገባ። ዱቄት ነጋዴ ነው፤ ማዶም መጋዘን አለው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ እሷን ያስተማራት እሱ ነው፤ ቤቱም የእሱ፣ አሁን ሬዲዮውን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተርም የእሱ።

"ማዶ ላለው ደላላዬ አንዲት የሥራ ነገር አድርሺልኝ።"

"የንግድ ነገር በዚህ አይተላለፍም፣ ወንድም ጋሼ።"

"አንዲት ቃል ናት እኮ!"

"ግማሽም ብትሆን። በደኅናውም ቀን ክልክል ነው፤ ዛሬማ ነፍስ ከሚያድን ነገር በቀር መስመሩን መያዝ ነውር ነው። ፈቃዱን ስቀበል ይህን ብዬ ነው የተቀበልኩት።"

ወንድሟ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ግን እናታቸውን በክንዳቸው ደግፎ ተመለሰ። ፊቱ እንደ ቅቤ ለስልሶ ነበር።

"የዘመድ ደኅንነት መጠየቅስ ይከለከላል?"

"እሱማ ይፈቀዳል።"

"አክስታችን ማዶ ብቻዋን ናት። ደላላው ጎረቤቷ አይደል? ፋርማሲስቱ 'እስክትጠነክር ከቤት አትውጣ፤ ማንም መጥቶ ቢጠይቅ እንዳታስወጣት' ብሎ ይንገረው።"

"ተባረክ!" አሉ እናታቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እኔ እህቷ ሳላስባት አንተ አሰብካት።"

መነጽር ሠሪዋ የደላላው ስም መነሳቱ ትንሽ ከነከናት። ነገር ግን አክስቷ በእርግጥም ታማ የከረመች ሴት ናት፤ ደላላውም በእርግጥ ጎረቤቷ ነው፤ እናቷም እያለቀሱ ነው። ቃል በቃል አስተላለፈችው።

መልሱ የመጣው የጠፉ ሰዎችን ስም እየተቀበለች ሳለ ነው።

"የአክስትሽን ጎረቤት አግኝቼዋለሁ" አለ ፋርማሲስቱ፤ ድምፁ ግራ ተጋብቷል። "እንዲህ በላቸው ብሎኛል፦ 'አክስት አልወጣችም። ዳቦ ጋጋሪው ሲለምነኝ የለችም ብዬ በር ዘግቼባታለሁ። በኩንታል ስንት ስትገባ ትውጣ?' ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አክስትሽ የምትለካው በኩንታል ነው?"

ከጎረቤቶቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። ሌላ ማንም አልሳቀም።

መነጽር ሠሪዋ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"በእኔ አፍ?" አለች። "ልጆች ጦማቸውን ባደሩበት ቀን፣ በእኔ አፍ ዱቄት አስደበቅከኝ? በእማዬ እህት ስም?"

"ንግድ ነው። አንቺ መነጽር በነፃ ትሠሪያለሽ? ነገ ድልድዩ ሲሠራ የሁሉም ዱቄት ይገባል፤ የእኔ ቀን ዛሬ ናት።"

"የሰው ቀን የጨለመ ዕለት ነው የአንተ የሚነጋው!"

"አፍሽን ሰብስቢ! እንጀራዬን በልተሽ ነው ምላስ ያወጣሽው። ከዚህ ቤት እንዳላስወጣሽ!"

"በኩንታል ስንት ስገባ ነው የምታስወጣኝ?"

እናትየው በሁለቱ መሐል ገቡ። "ተይ ልጄ። ያሳደገሽ እሱ ነው። አባትሽ ማለት ነው።"

"አውቃለሁ እማዬ። እሱ ባያሳድገኝማ ይሄን ያህል አያቃጥለኝም ነበር።"

መነጋገሪያውን አነሳች። መጀመሪያ እንደ ደንቡ የጥሪ መለያዋን ተናገረች፤ ሰሚ ሁሉ ማን እንደሆነች ይወቅ።

"ቅድም ያስተላለፍኩት የቤተሰብ መልእክት አይደለም። በስውር ቃል የተላከ የንግድ መልእክት ነው። ሳላጣራ አስተላልፌዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዱቄት አለ። ከአክስቴ ቤት ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው መጋዘን። ለዳቦ ጋጋሪውና ለትምህርት ቤቱ ሰዎች ንገራቸው። ተቀበል።"

ፋርማሲስቱ በቀስታ ጠየቀ። "የማን ነው ብዬ ልንገራቸው?"

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ትናገሪና!" አለ።

"የወንድሜ ነው" አለች።

ወንድሟ ወደ ጓሮ ሮጠ።

"ተቀብያለሁ" አለ ፋርማሲስቱ። "አሁን ሐኪሙን የያዘው ጀልባ እንዳይሳሳት። በላይኛው በኩል ከመጣ ናዳው ይውጠዋል። በታች በኩል ከትልቁ..."

የጄኔሬተሩ ጩኸት ቀጥ አለ። ሬዲዮው ጠፋ።

መነጽር ሠሪዋ ለልመና አልወጣችም፤ ልመና የሚሰማ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አያጠፋውም ነበር። ሬዲዮው ግን በመኪና ባትሪም ይሠራል። ከሜካኒኩ ጎረቤቷ መፍቻ ተቀብላ ግቢው ውስጥ ወደቆመችው የወንድሟ ፒክአፕ ሄደች፤ ኮፈኑን ከፈተች። ዝናቡ ባትሪው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ወንድሟ የጄኔሬተሩን ቁልፍ ጨብጦ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆሟል። "እሱን ከነካሽ" አለ፣ ድምፁ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ፣ "ወንድም የለሽም። ዛሬ ማታ በዚህ ቤት አታድሪም።"

ሜካኒኩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ ወንድሟን ሲያይ ቆመ። እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

የባትሪውን ጥቁር ገመድ ፈትታ ወደ ጎን አደረገችው።

"እማዬ" አለች ቀና ሳትል፣ "ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ክተቺልኝ።"

ከዚያም መፍቻውን ቀዩ ላይ አስገባች።