አንዴ ብቻ የጮኸ መድፍ

ባሌ ነደልኮ በርሜል ሠሪ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ይቅርታ የሚባል ቃል አያውቅም። በገዢዎቻችን በቱርኮች ላይ በተነሣንበት ጸደይ፣ አራስ እህቴ ዘንድ አሥር ቀን ሰንብቼ ብመለስ፣ አባቴ ለሠርጌ የተከለልኝ የቼሪ ዛፍ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ነደልኮ ግንዱን ቦርቡሮ፣ በበርሜል ብረት ጠፍሮ መድፍ አድርጎታል! መንደሩ ሌላ መድፍ አልነበረውም፣ ይሁን። ግን እኔን መጠየቅ ምን ነበረበት?

አንዴ ተኮሱት፤ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በቃ። ቱርኮቹ መንደራችንን አቃጠሉት፣ ስንቱን ቀበርን። በኋላ ቱርኮች የተሸነፉበት ትልቁ ጦርነት መጥቶ ሲያልፍ ቡልጋሪያ የሚባል አገር ኖረን። ግማሹን መድፍ የዶሮ ውኃ ማጠጫ አደረግኩት። ሃያ አምስት ዓመት ባየው ቁጥር ያናድደኛል።

ዘንድሮ የሶፊያ ሙዚየም ሰዎች ሊወስዱት መጡ። መምህራችን ቀድሞ ጽሑፍ አዘጋጅቷል፤ ብዙ ጠላት የፈጀ መድፍ ይላል። ከተኮሱት ሰዎች በሕይወት ያለው ነደልኮ ብቻ ስለሆነ፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ እውነት ነው እንዲል ተነገረው። ሰውዬው ሦስት ቀን እህል አልቀምስ አለ። ቢዋሽ ኅሊናው፣ ባይዋሽ መንደሩ። አንጀቴን በላው። አንድ ቃል ነው፣ በልና ተገላገል አልኩት።

ቀኑ ደረሰና ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆቡን አወለቀ።

«አንዴ ተኮስን፣ ተሰነጠቀ። ማንንም አልነካም» አለ።

መምህሩ ቲማቲም መሰለ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እኔ አላስቻለኝም።

«ጮኋል ግን! እስከዚያ ቀን በገዛ ቤታችን የምናወራው በሹክሹክታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንሾካሾከ ሰው አለ?»

«አንቺማ ጭራሽ!» አለ አንዱ ጎረቤት፤ ግቢው በሳቅ ሞላ። መምህሩም እየሳቀ ጽሑፉን ኪሱ ከተተ።

የሶፊያው ሹም መድፉን አንሡ ሲል ነደልኮ እጁን ጫነበት።

«ቆይ። ዛፉ የሷ ነበር። ያኔ ሳልጠይቃት ቆረጥኩት። አሁን እናንተ ጠይቋት።»

ሹሙ ባርኔጣውን አወለቀ። «እማማ፣ ይፈቅዱልናል?»

«እሱ ይጠይቀኝ» አልኩ።

ነደልኮ ዞሮ አየኝ።

«ዝላታዬ፣ ዛፍሽን ልስጣቸው?»

«ስጣቸው» አልኩት። «ያኔም ብትጠይቀኝ እኮ የመጋዙን ሌላ ጫፍ እኔው እይዝልህ ነበር።»