ከላይ ያለው ሸሚዝ

ሰው ፊቱን ብቻ በሚያይበት ነገር ገበሩን የሚያይ፣ ለሁሉም ጊዜን የቀጠረ አምላክ የዚህን ታሪክ ፍርድ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። እኔ የማውቀውን ያህል አጫውታችኋለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን ለእርሱ ትቻለሁ።

በአንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ፣ በምድር ቤቱ የሚሠራ ንብረት ጠባቂ ነበረ። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ርጥበቱ በግድግዳው ላይ ጥቁር ካርታ ስሎ በየዓመቱ ግዛቱን እያሰፋ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ካርቶኑ፣ የቀለም ቆርቆሮው፣ እግሩ የተሰበረው ወንበር ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ሰውዬው በዚያ ውሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሳሉ ከደጅ ጀምሮ መምጣቱን ይናገርለት ነበር። ሐኪም ዘንድ በቀረበ ጊዜም ሐኪሙ ደረቱን ካዳመጠ በኋላ፣ «ወይ ክፍሉን ልቀቅ፣ ወይ ሳንባህን ተሰናበት» አለው።

ስለዚህም ፎቅ ላይ፣ በደንበኞች መቀበያ አንድ መስኮት ባዶ በሆነ ጊዜ ለቦታው አመለከተ። ቦታው አንድ ሆኖ ሳለ ለሙከራ የተመረጡት ሁለት ሆኑ፤ እርሱና «ፈጣኑ» የሚል ስም የወጣለት ወጣት ጸሐፊ። የቅርንጫፉ አለቃ ቃሏ ጥቂት፣ አፍንጫዋ ግን ከሩቅ የሚሠራ ሴት ነበረች። ሁለቱን አስጠርታ፣ «እዚህ መስኮት የሚመጣ ሰው ወይ ቤቱ ተቃጥሎበት ነው ወይ ሰው ሞቶበት። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ንጹሕ አንደበት። ሌላ አልጠይቃችሁም» አለቻቸው።

ንብረት ጠባቂው አንደበት አላነሰውም። ሸሚዝ ግን አልነበረውም፤ ዕድሜውን የጨረሰው በሰማያዊ ቱታ ነውና።

ሚስቱ ወሬውን እንደ ሰማች ነገሩን በአጭሩ ቈረጠችው። «ሁለት ደኅና የጥጥ ሸሚዝ ግዛ። አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል።»

ታናሽ ወንድሟ ከሶፋው ላይ ቀና አለ። ይህ ሰው ሥራ እስኪያገኝ ብሎ ወደ ቤታቸው ገብቶ፣ ሥራውም እርሱም ሳይፈላለጉ ቀርተዋል። በሙሉ ዋጋ የተገዛ ነገር ሲያይ ስለሚያመው ሰፈርተኛው «ቅናሽ» ይለዋል።

«እህቴ፣ ሰውዬውን ልትድሪው ነው እንዴ? በሁለቱ ዋጋ አምስት የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ።»

«አንተ የማታውቀው ሰው የለም። አንተን የሚያውቅ ነው የጠፋው።»

«ጋሼ ይፍረደና። አምስት ቀን ሥራ፣ አምስት ሸሚዝ። ምን የጐደለ አለ?»

ጋሼ ሒሳቡ ጣመው። ከዋርሳው ጋር ተያይዘው ወደ ገበያ ወረዱ።

መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ ባለቤት የዕድሜ ባለጸጋ ነበሩ። ሸሚዙን ከመደርደሪያ አውርደው ፊቱን ሳያሳዩ ገለበጡት። «ከውስጡ ጀምር ልጄ። የአንገትጌው ገበር፣ የብብቱ ስፌት፣ የቁልፉ ሥር። እዚህ ላይ ያልሰነፈ ሰፊ ፊቱ ላይ አይሰንፍም። ደግሞ አሽትተው፤ ጥጥ ከጥጥነቱ በቀር ሽታ የለውም» አሉ።

ቅናሽ የንብረት ጠባቂውን ክንድ ሳብ አደረገ። «ጋሼ፣ እዚህ የሚሸጠው ስብከት ነው፤ ሸሚዙ ምርቃት ነው መሰለኝ። እንሂድ።»

የቅናሽ ወዳጅ ሱቅ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነበረች። ደጃፏ ላይ የታፈነ ላብና ርካሽ ሽቶ ተጣልተው፣ ሁለቱም ሳይሸነፉ ቆመዋል። ሻጩ አምስት ሸሚዞች በላስቲክ ታሽገው፣ በሪባን የታሰሩበትን አንድ ጥቅል በፈገግታ አቀረበ። ካርቶኑ በአንገትጌው ሥር፣ መርፌው በትከሻው ላይ፤ ምኑም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው።

እዚህ ላይ ንብረት ጠባቂው የሙያውን ስሕተት ሠራ። በምድር ቤቱ ዕቃ ሲረከብ ከላይ ያለውን ካርቶን ይከፍታል፤ ከውስጡ አንዱን አውጥቶ ይመረምራል፤ የቀረውን በእርሱ አምሳል ቈጥሮ ይረከባል። ለወረቀትና ለእርሳስ የሚበቃ ልማድ ነው። ሸሚዙንም እንዲሁ አደረገው። ከላይ ያለውን ነጭ ሸሚዝ ከላስቲኩ አወጣና ሽማግሌው እንደ ነገሩት ገለበጠው። ገበሩ ንጹሕ፣ ስፌቱ የጸና፣ ጨርቁ እውነተኛ ጥጥ ነበረ። «ይሁን» አለና የቀሩትን አራት ሳይፈታ ተረከበ። ሻጩ ሲሸኛቸው፣ «የተሸጠ አይመለስም፣ መቼም እንደምታውቁት» አለ፤ ቅናሽም ሳቀ።

ቤት ገብተው ሚስቲቱ ሁለተኛውን ላስቲክ ቀደደች። ወዲያውም እጇን መልሳ ሰበሰበች።

ሸሚዙ ሰማያዊ መስመር ያለው ነበረ። ፊቱ በስታርች ተወጥሮ እንደ ሰሌዳ ይንኳኳል። አንገትጌው ተፈትቶ፣ የተበላው ፊቱ ወደ ውስጥ ተገልብጦ እንደ ገና ተሰፍቷል፤ በዚያ በተደበቀው በኩል የማይታወቅ ሰው አንገት የዓመታት ቅባቱን ትቶ፣ ቅባቱ አቧራውን ይዞ፣ አቧራው ጠቍሮ እንደ ጥቀርሻ ተጋግሯል። በስፌቱ መካከል አንዲት አጭር ሽበት ተጣብቃ ቀርታለች። ብብቱ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፤ ከመድረቁም የተነሣ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ቁልፍ በአረንጓዴ ክር ተተክሏል። ሚስቲቱ በምድጃው ላይ የሚፈላውን ውኃ እንፋሎት ብታስነካው፣ የተኛው ሽታ ነቃ። የላብ ሽታ ብቻ ቢሆን በተቻለ ነበር፤ በላዩ የፈሰሰው ሽቶ ከላቡ ጋር ቦክቶ፣ የሬሳ ክፍል አበባ የመሰለ ነገር ሆኖ ወጣ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ አምስተኛውም እንዲሁ ነበሩ።

ንብረት ጠባቂው ወደ ደጅ ወጥቶ ተፋ። ሻጋታ ለምዶ የኖረ ሰው ይህን አልቻለውም።

«ታጥቦ የማይለቅ ነገር አለ እንዴ?» አለ ቅናሽ።

«የማን አንገት እንደሆነ ንገረኝና ልጠበው» አለች እህቱ። «ውሰድ ከፊቴ። ወስደህ ጣልልኝ፤ እኔ ቤት ባልዲ ውስጥም አይገባ።»

ቅናሽም አራቱን በከረጢት ሸክፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ንብረት ጠባቂው በአንዱ ነጭ ሸሚዝ ሙከራውን ጀመረ፤ ለሙከራው ጊዜ ከባዶው መስኮት አጠገብ ሌላ ጊዜያዊ መስኮት ተከፍቶ ለእርሱና ለፈጣኑ አንድ አንድ ደረሳቸው። ማታ ሚስቱ ታጥበዋለች፤ ጠዋት ሳይነጋ ትተኵሰዋለች፤ እርሱም ትኵሱን ሸሚዝ በደረቱ ላይ ቈልፎ ይወጣል። ሰው ምን ይላል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሸሚዝ አይቈጥርም። መስኮቱ ወደ ጎዳና የሚከፈት በመሆኑ ነፋስ ይገባል። ሳሉም በረደ፤ ሚስቱም ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረች። እነርሱ ለዚያ መስኮት ሲጸልዩ እንጀራ ጨምርልን አላሉም፤ የለመኑት ትንፋሽ ነበረ።

ሙከራው ሊያልቅ ሲቃረብ ፈጣኑ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በማግስቱ ሌላ፤ በሠልስቱ ሌላ። «ሚኒስትር ልትሆን ነው?» ብለው ባልንጀሮቹ አላገጡበት፤ እርሱም ደስ አለው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ግን መብራት ጠፋ፤ በጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያም ቆመ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ። በፈጣኑ መስኮት ፊት የቆሙ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አነሡና ወደ ንብረት ጠባቂው ሰልፍ ተሻገሩ። ከእርሳቸው በኋላ ያለውም ተሻገረ። ፈጣኑ ምክንያቱ አልገባውም፤ ሰው ራሱን አያሸትምና። ይበልጥ እየፈጠነ፣ ይበልጥም እያላበው፣ ባዶውን ወንበር ይመለከት ነበር።

ንብረት ጠባቂው ሸሚዙን ከማየቱ በፊት ሽታውን ዐወቀው። ከዚያም አየ፤ ሰማያዊ መስመር፣ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ አረንጓዴ ክር።

ማታ ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ዋርሳውን ጠየቀው።

«እነዚያን ሸሚዞች ምን አደረግሃቸው?»

«ጣልኳቸው።»

«የት?»

ቅናሽ ፈገግ አለ። «ሰው ላይ።»

ቅናሽ በጋሼ ሒሳብ ምሳ ሊበላ ወደ መሥሪያ ቤቱ በሚመላለስበት ጊዜ ከፈጣኑ ጋር ተዋውቆ፣ ሸሚዞቹን እንደ ገና በስታርች አስተኵሶ፣ በአዲስ ላስቲክ አሽጎ ሸጦለት ኖሯል። «ምነው እንዲህ ታየኛለህ? ለአንተ ብዬ ነው እኮ ጋሼ። ሰዎቹ ከእርሱ ከሸሹ መስኮቱ የማን ነው? ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ሸሚዙ ይሠራልሃል።»

ንብረት ጠባቂው የቀረበለትን ራት ገፋው። በብዙ የከፋ ነገር ውስጥ ኖሯል፤ የሞተ አይጥ ከካርቶን ሥር አውጥቷል፤ የፈነዳ የፍሳሽ ቧንቧ ጠርጓል። ነገር ግን ያ ፈገግታ ከዚያ ሁሉ ይልቅ አስጸየፈው፤ ምክንያቱም ለአንድ አፍታ፣ አንዲት ትንፋሽ ለምታህል ጊዜ፣ የተባለው ነገር ደስ ብሎት ነበር። ያንን ደስታ እንደ ባዕድ ፀጉር በምላሱ ላይ አገኘው።

ሚስቱ ከጓዳ በር ቆማ ሰምታለች። ለወንድሟ፣ «ከነገ ጀምሮ ዋጋው ቅናሽ የሆነ ቤት ፈልግ። ይህኛው ተወዶብሃል» አለችው። ከዚያ ከባልዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ብትናገር ነገ ወደ ምድር ቤት ትመለሳለህ» አለች።

«እመለሳለሁ።»

«ሌሊት ስትስል ነቅቼ የምቈጥረው እኔ ነኝ። ያንን መስኮት ከእኔ አብልጦ የሚፈልገው የለም። ግን በዚያ ግማት ያገኘኸውን አየር እንዴት አድርገህ ትስበዋለህ?»

በማግስቱ ጠዋት ንብረት ጠባቂው ፈጣኑን ይዞ ወደ አለቃዋ ገባ፤ በሁለቱም ፊት የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ፈጣኑ አንገትጌውን በጣቱ ገልብጦ ውስጡን አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሸሚዙን እዚያው አውልቆ በካናቴራው ቆመ።

«አንተ ነህ የላክህብኝ» አለ። «አሁን ደግሞ ጻድቅ ልትባል ነው።»

«አልላክሁትም።»

«የአንተ ቤት አይደለም የላከው? ያው ነው።»

አለቃዋ መስኮቱን ከፈተችና ንብረት ጠባቂውን መልሳ አየችው። «ከስንት ጊዜ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ከትናንት።»

«የሙከራው ውጤት የሚነገረው በዚህ ሳምንት እንደሆነም ታውቃለህ።»

«ዐውቃለሁ። ወደ ታች መመለስ እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም። ግድግዳው ሳንባዬን እየበላው ነው። ቢሆንም ይህንን አፍኜ እዚያ መስኮት ላይ መቀመጥ አስጠላኝ።»

እርሷም ለፈጣኑ ንጹሕ ሸሚዝ እንዲገዛ ዕረፍት ሰጠችው።

ውጤቱ በተነገረ ጊዜ መስኮቱ የፈጣኑ ሆነ። በእጁ የሚያልፈው ጉዳይ በእውነት ይበልጥ ነበርና ፍርዱ ቀጥተኛ ነው። ንብረት ጠባቂው ቱታውን ለብሶ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ፤ የሻጋታውም ሽታ እንደ አሮጌ ባለዕዳ ተቀበለው።

ብዙ ሳይቈይ በደረጃው ላይ የተረከዝ ድምፅ ተሰማ። አለቃዋ ነበረች፤ ቅርንጫፉን መምራት ከጀመረች ወዲህ ወደዚያ ወርዳ አታውቅም። ከደረጃው አጋማሽ ስትደርስ አፍንጫዋን በሻርፗ ያዘች። ገብታም ካርታ የሠራውን ግድግዳ በጣቷ ነካችው፤ ጣቷም ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ተመለሰ። ጣቷን ወደ ብርሃን አቅርባ ስታየው፣ ያንን ሸሚዝ ካየችበት ይልቅ ፊቷ ተጨማደደ።

«ሰው እዚህ ነው የሚውለው?»

«እዚህ ነው።»

«አንተ ከላይ ስትነግረኝ አጋንነሃል ብዬ ነበር።» እንደ ገና ግድግዳውን አየች። «እኔ በላይዎ ስቀመጥ ይህ ከእግሬ በታች ነበረ ማለት ነው። አስጸያፊ ነው።» «አንተ» ስትለው ቆይታ በአክብሮት «በላይዎ» ያለችው ሳታስበው ነው፤ እርሱ ግን ሰማ።

በዚያው ሳምንት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ለሚመጡ እንግዶች ተብሎ ተዘግቶ የኖረው የፎቅ ክፍል ተከፈተ። እንግዶቹ መጥተው አያውቁም። ካርቶኑ ሁሉ ወደዚያ ወጣ፤ ያልዳነው ተጣለ፤ የንብረት ጠባቂው ጠረጴዛም ዛፍ በሚታይበት መስኮት ሥር ተተከለ። ፈጣኑ እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም፤ በመተላለፊያው ሲገናኙ ፊቱን ያዞራል። ቅናሽም አልተለወጠም፤ በሌላ ዘመድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሌላ ሰው ሒሳብ እየሠራ ነው ይላሉ። ንብረት ጠባቂው ግን ይተነፍሳል፤ ሚስቱም ትተኛለች።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የሰላም ባለቤት በቤታችሁ ይደር። ግድግዳችሁን ከርጥበት፣ ማዕዳችሁን ከተንኰል ይጠብቅ። ለሥራ የሚወጣው በጤና ውሎ ይግባ፤ በቤት የሚጠብቀውም በደስታ ይክፈትለት። ለልጆቻችሁም ያለ ነቀፋ የሚገኝ ልብስና ያለ ፍርሃት የሚሳብ አየር ይስጣቸው፤ አሜን።