የአምላኩ አበልጅ

«ክርስትና ያስነሷት ለልጅቷ ብለው መሰለሽ? ለባልየው ብለው ነው እንጂ!»

እትዬ ባንቺዓለም ይቺን ወሬ ሲጀምሩ አንድም ቀን «እንደነገርኩሽ» ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ እንደ ትኩስ ነው የሚያወሯት። ልብስ ሲያሰጡ ያወሯታል፣ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሲመጣ ያወሯታል፣ ዝናብ መክሊትን በረንዳቸው ላይ ሲያስቀራት ያወሯታል። መክሊት ብቸና ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይታ የገባች ጊዜ፣ የሞጣዋ የወለተ ሐና የልጅ ልጅ መሆኗን ሰሙ። የዚያን ዕለት ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም አልጨረሱ።

ወሬው እንዲህ ነው። ወለተ ሐና ገና ሳይመነኩሱ፣ ሞጣ ውስጥ ዓይን የሚያርፍባቸው ልጃገረድ ሳሉ፣ አምላኩ ከሚባል ጎረምሳ ጋር ይዋደዱ ነበር። የአምላኩ አባት ግን ለሌላ ቤት ቃል ሰጥተው ኖሮ ልጃቸውን ዳሩት። ወለተ ሐናም አገቡ፣ ወለዱ። ከተማው ግን ሁለቱ ተቆራርጠዋል ብሎ አላመነም። የአምላኩ ሚስት ደግሞ ጨርሶ አላመነችም። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ ጠጉርም አልተናጨችም። የመጀመሪያ ሴት ልጇን ስትወልድ ወለተ ሐና ቤት ሽማግሌ ልካ «ልጄን ክርስትና አንሺልኝ» አለች።

«ገባሽ?» ይላሉ እትዬ ባንቺዓለም እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅቷን ካነሳች ለአምላኩ አበልጅ ሆነች። አበልጅ ደግሞ እህት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቢነካካት ከገዛ እህቱ ጋር እንደማለት፣ የጉድ ጉድ! በሩን በቤተ ክርስቲያን አስቆለፈችው። እኔም ያኔ ሞጣ ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ፤ ሕፃኗን ታቅፋ ስትወጣ በዚች ዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንኳን አዩ» ትላለች መክሊት። «እርስዎ ባያዩ ኖሮ ይሄ ሁሉ ዘመን ምን ያወሩ ነበር?»

«ወይ ይቺ ምላስሽ!»

መክሊት ለወሬው ደንታ አልነበራትም። የምትሠራው መናኸሪያው አጠገብ ካለ ኮፒ ቤት ነው። ማሽኑ ሲሞቅ ወረቀት ይበላል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሰዉ መብራቱን እሷ የወሰደችው ይመስል ፊቷን እያየ ይነጫነጫል። ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ የማንንም የፍቅር ታሪክ የምትሰማበት ጆሮ አይተርፋትም። ደግሞስ የሞጣ ሰው ወሬ ለእሷ ምኗ ነው? እሷ ብቸና ተወልዳ፣ ብቸና እናቷን ቀብራ፣ ብቸና ለብቻዋ የቆመች ልጅ ናት።

ሽመክት የመጣው የሥራ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ነው። ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኖ ከሞጣ አዲስ ተመድቦ ነበር። መክሊት መታወቂያውን ተቀብላ ፎቶውን አየች።

«ምነው እንዲህ ተቆጣህ?»

«ፎቶ አንሺው አትሳቅ አለኝ።»

«አትሳቅ አለህ እንጂ ሰው ግደል አለህ?»

በማግስቱ ያንኑ መታወቂያ ይዞ ተመለሰ።

«የትናንቱን በላኸው?»

«መጠባበቂያ ይኑረኝ ብዬ ነው።»

«ደም ስትቀዳም እንዲህ ነህ? አንዴ ወግተህ ለመጠባበቂያ ትደግማለህ?»

በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይዝ መጣ። መክሊትም ያን ቀን ምንም አልተናገረችም፤ ለእሷ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ዓመት ሞላቸው። ያ ዓመት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ያለፈ ዓመት ነበር፤ ሰው ሁሉ ነገ ምን ይሆን እያለ ዛሬውን ሳያጣጥመው ይመሻል። እነሱ ግን ከሥራ በኋላ እስከ ከተማው ጫፍ ሄደው ይመለሳሉ። ከዚያ በላይ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ስለ አያቷ ነግራዋለች፦ ሞጣ ያለች መነኩሲት ናት ብላ። ሞጣ ውስጥ መነኩሲት አያት የሌለው ማን አለ? እሱም የእናቱን አባት ስም ጠርቶላት አያውቅም። መቼም የእናቱን አባት ስም እየቆጠረ ሴት የሚወድ ወንድ የለም።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን እናቱ ወይዘሮ አገሬ «ልጅቷን ልያት» ብለው ከሞጣ መጡ። ደማቅ፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። ያመጡትን ቅቤ ለእትዬ ባንቺዓለም አስረክበው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መክሊትን ከእግር እስከ ራሷ አዩና ወደዷት። ያስታውቅ ነበር። ከዚያ አንድ የጎጃም እናት የምትጠይቀውን ጠየቁ።

«የማን ልጅ ነሽ፣ እናቴ?»

«እናቴ አርፋለች። ሞጣ ያለች አያት አለችኝ፤ እማሆይ ወለተ ሐና ትባላለች።»

ወይዘሮ አገሬ ብድግ አሉ። «ወለተ ሐና? የኔዋ ወለተ ሐና?» አንገቷን አቅፈው አገላብጠው ሳሟት። «የክርስትና እናቴ ናት እኮ! እናትሽ እህቴ ነበረች ማለት ነው! አክስትሽ ነኝ እኔ፣ አክስትሽ!»

እየሳሙ ሳሉ እጃቸው ላላ። አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«የኔ ልጆች» አሉ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «የእህትማማች ልጆች እኮ ናችሁ።»

እትዬ ባንቺዓለም ቅቤውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አላልኩሽም?» አሉ። ምን እንዳሏት መክሊት አሰበች። ለባልየው ብለው ነው። ይኸው፣ የአንዲት ቀናተኛ ሴት ቁልፍ ስንት ዘመን ቆይቶ እሷ በር ላይ መጥቶ ዞረ።

ሽመክት በማግስቱ ኮፒ ቤት መጣ፤ ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው። የቤታቸው የንስሐ አባት በስልክ ተጠይቀው «አይሆንም» ብለዋል።

«እማሆይን እንጠይቃቸው» አለ።

«ምን ብዬ? ‹እማሆይ፣ የሰው ባል ይወዱ ነበር ወይ?› ብዬ?»

«ክርስትናውን ብቻ። እውነት ይሁን አይሁን።»

«እናትህ የእሷ የክርስትና ልጅ ሆና አድጋ፣ አገር ሁሉ አይቶ፣ እኔ አሁን ቆቧን ከደፋች አሮጊት ፊት ቆሜ ‹ለራሴ ባል ፈልጌ ነውና ያንን ነገር አላደረግኩም ይበሉልኝ› ልበል?»

«እሺ፣ ሌላ ቄስ እጠይቃለሁ። የክርስትና ዝምድና በአንድ ትውልድ ይቀራል የሚሉም አሉ።»

«እኔን በጓሮ በር የሚያስገባ ቄስ ስታፈላልግ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።»

«መክሊት፣ በሩን የዘጋሽው አንቺ እንዳትሆኚ።»

ይሄ አባባሉ አናደዳት። ማሽኑን ከፍታ ውስጡ የሌለ ወረቀት ስትፈልግ ቆየች፤ ቀና ስትል ሄዷል። አንድ ቀን ብቻ ጠብቃ ልትጠራው አስባ ነበር። በዚያ ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም ጠፋ። ክረምቱ ገባ። ስልኩ ሲመለስ እሱ በዝውውር ሞጣ ገብቷል፤ እሷ ደግሞ ያኔ የምትለውን ነገር ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ብላው አልቆባት ነበር።

ጸደንያ የምትባል ነርስ አገባ። ካገባም በኋላ አልፎ አልፎ ይደውላል። «ደህና ነሽ?» ይላል። «ደህና ነኝ» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ካርዱ ይቆጥራል። ያ ዝምታ ከሥራው ይልቅ ያደክማት ነበር። አታንሺው ትላለች ለራሷ፤ ታነሳዋለች።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ኮፒ ቤቱ ውስጥ ገብታ ቆመች። አራስ መሆኗ ከአቋቋሟ ያስታውቃል።

«ጸደንያ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ» አለች መክሊት። አላወቀቻትም ነበር።

«ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ነው። ክርስትና እንድታነሺልኝ ልለምንሽ መጣሁ።»

መክሊት እንዲህ ላለው ቀን ያጠራቀመችው ስንት ቃል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ይሄ ብቻ ነው።

«ሞጣ ውስጥ ሴት ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ ለምን እኔ?»

«አንቺም ታውቂዋለሽ።» ጸደንያ ወንበሩን ሳትጠየቅ ስባ ተቀመጠች። «ስትደዋወሉ እሰማለሁ። ምንም አትባባሉም። ምንም አለመባባላችሁን ነው የማልችለው። ልጣላሽ አልመጣሁም፣ አቅሙም የለኝ፤ ሌሊት አልተኛም። አማቴን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳት። ይሄ ዘዴ ለእናቷ ሠርቶላታል አለችኝ።»

መክሊት ሴትዮዋን አየቻት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሁለት የደከሙ ሴቶች ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ሰው አለ፣ እሱም የደከመ። አንዱ ቢያርፍ ሁሉም ያርፋሉ።

«እሺ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያደረገችውን ሁሉ በሙሉ ልቧ አደረገች። ግማሽ ነገር አትወድም። ንስሐ ገባች፣ ጾመች፣ አዲስ ቀሚስ አሰፋች። ወደ ሞጣ ስትሄድ ደብረ ወርቅ ሲደርሱ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ከቀትር እስከ ማታ ሜዳ ላይ ቆሙ፤ እሷ ግን አንዴም አላማረረችም። እትዬ ባንቺዓለም ቢያዩአት ታማለች ይሉ ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ልጅቷን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞረች። ካህኑ ያሉትን ተከትላ ሰይጣንን ካደች። ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖቷን ተናገረች። ልጅቷ ውኃው ሲነካት ጮኸች፤ ከዚያ በመክሊት ደረት ላይ ዝም አለች። ትከብዳለች። እንዲህ ትንሽ ነገር እንዲህ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም።

ሽመክት ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ልጁን ከእጇ ሲቀበል ጣቶቻቸው አልተነካኩም፤ ሁለቱም ተጠንቅቀው ነበር።

«አበልጅ» አላት። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ።»

«እንኳን አብሮ አበቃን፣ አበልጅ» አለችው።

በቃ። አልቅሼ እገላገላለሁ ብላ ጠብቃ ነበር፤ የመጣባት እንቅልፍ ነው።

ድግሱን በልታ፣ ለልጅቷ የገዛችውን ሐብል አስራ፣ ከሰዓት በኋላ እማሆይ ወለተ ሐና ቤት ሄደች። እማሆይ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተጠግታ በተሠራች ጎጇቸው መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የመጣውን በአካሄዱ ነው የሚለዩት።

«መክሊት ነሽ? እግርሽ ደክሞታል።»

«መንገድ ነው፣ እማሆይ።» ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ክርስትና ልታነሳ መጣች አሉኝ። የማንን ልጅ?»

«የሽመክትን። የወይዘሮ አገሬን ልጅ የሽመክትን።»

«እሰይ! የአገሬ ልጅ ወለደ?» ፊታቸው በራ። «እና አንቺን ከብቸና ድረስ? ምን አገናኛችሁ?»

መክሊት «እንዲሁ ነው» ልትል ነበር። ከዚያ ግን ያ ሁሉ ድካም በአንዴ ወረደባትና፣ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻቸው፤ መታወቂያውን፣ የከተማውን ጫፍ፣ የወይዘሮ አገሬን መሳም፣ የእህትማማች ልጆች መባላቸውን፣ ጸደንያን። ስትናገር አላለቀሰችም። የሌላ ሰው ማመልከቻ የምታነብ ይመስል ነበር።

እማሆይ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆሟል።

«ምነው ሳትጠይቂኝ?» አሉ።

«ምን ብዬ ልጠይቅዎት?»

«እሱንስ ልክ ነሽ። እኔም ብጠየቅ ኩራት ይዞኝ አልናገር ነበር።» ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ቶሎ ደረቀ። «አምላኩን እወደው ነበር። ሚስቱ ስታስጠራኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። እሺ አልኩ። ያን ዕለት እሷ ታማ ቤት ቀረች፤ እኔ ሕፃኗን ታቅፌ እስከ መጠመቂያው ደጅ ደረስኩ። ከዚያ እግሬ ቆመ። እሱን በልቤ ይዤ፣ እንዴት ብዬ ሰይጣንን ካድኩ ልበል?»

«እማሆይ...»

«በኋላ ሕፃኗን ታቅፌ ስመለስ ሰዉ ሁሉ አበልጅ ሲለኝ ዝም አልኩ። ደስ አለኝ እንጂ! አበልጅ ሆኜ ቤቱ ስገባ ስወጣ ማን ያየኛል? በየዓውደ ዓመቱ ከማዕዱ ቀረብኩ። እጁን አልነካሁም፤ ሲበላ ግን አየዋለሁ። እስኪሞት ድረስ ያለኝ እሱ ነበር፣ ልጄ፤ ብናገር እሱም ይቀርብኝ ነበር።»

መክሊት ዞራ አየቻቸው። ከአጥሩ ወዲያ ከድግሱ የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«ሕፃኗንስ?» አለች።

«ከየጁቤ ስለቷን ልታደርስ የመጣች አንዲት ሴት ደጁ ላይ ቆማ ነበር» አሉ እማሆይ። «አገሬን ያነሳቻት እሷ ናት።»