የማስተር ተድላ መዳፍ

ማስተር ተድላ ከባህር ዛፎቹ ሥር ለብቻው ወሰድ አድርጎ «ነገ እንግዶቹ ፊት መዳፌን ሳነሳ ትወድቃለህ» ሲለው ሕዝቅያስ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«ሳይነኩኝ?»

«ሳልነካህ። እነዚህ ሰዎች ከአዲስ አበባ መኪና ነድተው ሱሉልታ ተራራ ላይ የወጡት ፑሽአፕ ሊሠሩ መሰለህ? የውስጥ ኃይል ሊያዩ ነው። አንተ ብቻ ደህና አድርገህ ውደቅ። ሰበታ ፎቅ ላይ የምከፍተው ማሰልጠኛ ያንተ ነው አልኩህ እኮ!»

የሰበታው ፎቅ! ሕዝቅያስ በሐሳቡ ደረጃውን ስንቴ ወጥቶ ወርዷል። ምንጣፉ አረንጓዴ፣ ግድግዳው መስታወት፣ በሩ ላይ የእሱ ስም። እስከ ዛሬ ቴኳንዶ የሚያስተምረው ሰበታ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው፤ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲያባራ የዱቄት ብናኝ። ተማሪዎቹም ከክር ፋብሪካ ፈረቃ ወጥተው የሚመጡ፣ ከወላይታና ከሐዲያ ሥራ ፍለጋ የመጡ ልጆች ናቸው። ከሁሉም የምትበልጠው ሩታ ናት፤ ለትርኢቱ እሷንም ይዟት መጥቷል። «ካልተገፋሽ እንዳትወድቂ» እያለ አቋቋም ያስተማራት እሱ ራሱ ነው።

ማታ ሊነግራት አሰበ። ግን ምን ብሎ? ማስተር እሷን አይጠራት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናንቶ ተኛ።

ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ እንግዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። «ትንፋሻችሁን ብቻ አድምጡ» ይላል ማስተር በለሰለሰ ድምፅ። ከታች በጎጃም መንገድ የጭነት መኪና ያጓራል። ኋላ ዓይን ግለጡ ተባለና ሕዝቅያስ ተጠራ። መዳፉ ተነሳ። ሕዝቅያስም እንደተቆረጠ ባህር ዛፍ ወደ ኋላው ተዘረጋ።

ጭብጨባው ቀለጠ።

«ኧረ እሱ ተስማምቶ ይሆናል!» አለች ሐኒ የምትባል እንግዳ እየሳቀች። «እስቲ ልጅቷን!»

ማስተርም አብሮ ሳቀ። «ሩታ፣ ነይ።»

ሩታ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። መዳፉ ተነሳ። ምንም። ጠጋ አለ፤ አሁንም ምንም። ግራ ቢገባት ምን ላድርግ በሚል ዓይን ወደ ሕዝቅያስ አየች። እሱ ምንጣፉን ያያል። ከእንግዶቹ መሐል ሳቅ አፈተለከ።

«ውስጧ ዝግ ነው» አለ ማስተር፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ እያለበት። «ሕዝቅያስ፣ እስቲ አንተ ንገራት። ቅድም ምን ተሰማህ?»

ሕዝቅያስ ዓይኑን ከምንጣፉ አነሳ። ፎቁ መጣበት፤ መስታወቱ፣ በሩ ላይ ያለው ስሙ።

«ደረቴን አንድ ሙቀት ነገር ገፋኝ» አለ። «ከዚያ እግሬ ከዳኝ።»

«ሰማሽ?» አለ ማስተር።

«ሰማሁ» አለች ሩታ። ለማስተር ሳይሆን ለሕዝቅያስ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሮጦ በሩ ላይ ደረሰባት። ዘበኛው ኦቦ ሊቤ «ነጋቲ፣ ልጄ፣ በሰላም ግቢ» እያሉ በሩን ከፍተውላታል።

«ሩታ፣ ስሚኝ እንጂ! ሥራ ነው እኮ። ፎቁ ሲከፈት አንቺንም…»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋብሪካ ውስጥ አለቃዬ የገፋኝ ቀን አልወደቅኩም። ያ ያስተማርከኝም እንደ ዛሬው የማስመሰል ነበር?»

«እሱማ እውነት ነው!»

«በል እንግዲህ ቻው፣ ሕዝቅያስ።»

አሰልጣኝ ሳትል በስሙ ስትጠራው ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ መንገዱ ወርዳ ሚኒባስ ያዘች።

ፎቁ ተከፈተ። ምንጣፉ አረንጓዴ ነው፤ መስታወቱም አለ። በሩ ላይ ግን መዳፉን ያነሳ የማስተር ተድላ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከፊቱ አንድ ሰው ወደ ኋላው ይወድቃል፣ መልኩ አይታይም። ከወፍጮ ቤቱ ልጆች አንድም ዝር አላለም።

አንድ ቀን በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሲያልፍ «አሰልጣኝ! አሰልጣኝ!» የሚል ሰማ። ፊቱ በርቶ፣ እጁን ለሰላምታ አንስቶ ዞረ። የድሮ ተማሪዎቹ፣ እነቲቶ፣ በብናኙ ውስጥ ተሰልፈዋል፤ የሚጠሩት ሩታን ነው። እሷ ወደ እነሱ ሄደች። እሱን ያየው ሰው አልነበረም፤ መዳፉ እንደተነሳ ቀረ።